ባየች በመኪና፣ ተሻለ በአውሮፕላን

ጅግጅጋ ወታደር ያገባችው ሮማነወርቅ በ1957 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወልዳ ወላጆቿን ለክርስትና ስትጠራ፣ አባቷ አቶ ተሻለ በአውሮፕላን ካልሆነ አልሄድም አሉ። አቶ ተሻለ የአሰበ ተፈሪ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ከድሬዳዋ ጅግጅጋ በአየር ግማሽ ሰዓት መሆኑን ከሰው ሰምተዋል። ሚኤሶ ወርደው በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ ሽው ብለው ጅግጅጋ። በመኪና የሚሄደው መንገድ ላይ ጎማ ሲያስለጥፍ እሳቸው የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ይቀመጣሉ። ይህንን ለዳኛው ነገሩ፤ ለፖሊሶቹም፣ ለባለጉዳዩም ሁሉ ነገሩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ባየች ግን አውሮፕላን የሚባለውን ገና ሲሰሙ ፈሩ።

"እርስዎ ይሂዱ፤ እኔ ከሐሰን ጋር እመጣለሁ" አሏቸው።

ሐሰን ሽንኩርትና ድንች ጭኖ ጅግጅጋ የሚመላለስ ጎረቤታቸው ነው። ወይዘሮ ባየች ቅቤውንና ሙክቱን አስጭነው ከጎኑ ተቀመጡ። ሁለቱም በአንድ ጠዋት ተነሡ።

የሐሰን መኪና እውነትም ሂርና ላይ ጎማው ፈነዳ፤ ቁሉቢ ዳገት ላይ ደግሞ ውሃው ፈላ። ሐረር ደርሰው ለማደር ተገደዱ።

አቶ ተሻለን ድሬዳዋ ላይ ከነሻንጣቸው እንደ ቡና ጆንያ ሚዛን ላይ አወጧቸው። ቅር አላቸው። አውሮፕላኑ ሲነሣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ሲገልጡ ሐረር ከሥራቸው ነበረች። ወዲያው ጅግጅጋ ላይ ደረሱ። ማረፊያውን ግን አቧራ ውጦታል። አብራሪው ደጋግሞ ቢዞር አልሆነለትም። አቶ ተሻለ በአቧራው መሃል አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ብልጭ ሲል አይተው የልጄ ቤት ያ ነው ብለው ለጎናቸው ሰው አሳዩ። ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ድሬዳዋ ነበሩ።

የሚቀጥለው በረራ ከክርስትናው በኋላ ነው ተባሉ። ጨው የጫነ መኪና ለምነው ከጭነቱ ላይ ወጡ።

ጅግጅጋ ሲገቡ ሙክቱ ተበልቶ፣ ቄሶቹ ተሸኝተው ነበር። ሙሉ ልብሳቸው በጨው ነጥቷል።

"እኔ እኮ ከሁላችሁም በፊት ደርሻለሁ" አሉ ሳይቀመጡ። "መውረዱ ነው የቀረኝ።"

ወይዘሮ ባየች እግራቸውን አጥበው ሕፃኑን አሳቀፏቸው።

"ስሙን ማን አላችሁት?"

"ዘገየ" አለች ሮማነወርቅ፣ ወደ እናቷ እያየች።

አቶ ተሻለ ቀና አሉ። ወይዘሮ ባየች ቶሎ ብለው፣ በእርስዎ ምክንያት አይደለም፣ ልጅቷ ካገባች ስንት ዓመት ጠብቃ ያገኘችው ስለሆነ ነው አሉ። አማችየው ሳል ይዞት ወደ ደጅ ወጣ። ሕፃኑ የአያቱን ጣት ጭብጥ አድርጎ ያዘ። አቶ ተሻለም ስሙን ጠርተው ሞከሩትና፣ ደግ ስም ነው አሉ።

የመመለሻ ቀን ማረፊያው ከአቧራ ጠርቶ ነበር። አቶ ተሻለ ደርሶ መልስ የቆረጡት ቲኬት ግን ባለቤት አጣ፤ ያንን የአየር ላይ ዙረት አልረሱትም። ዕቃውን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ብለው ከሐሰን ጎን ወጡ። ወይዘሮ ባየች ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ አላሉም፤ ሮማነወርቅ እየገፋፋች ነው በዚያ ቲኬት አውሮፕላን ያሳፈረቻቸው።

አቶ ተሻለ አቧራ ለብሰው አሰበ ተፈሪ ሲገቡ ሚስታቸው ቀድመው ደርሰዋል። ቤቱ በጎረቤት ሞልቶ፣ ወይዘሮ ባየች ደመናው ከላይ ሲያዩት የተባዘተ ጥጥ እንደሚመስል እየነገሯቸው ነበር።