ከሉቺያ ኪስ የወጣው

እማማ አልጣሽ የልጅ ልጃቸውን ነጭ ቀሚስ ውሃ ውስጥ ሊነክሩት ሲሉ ኪሱ ውስጥ ስስ ነገር ነካቸው። አወጡት። ክብ፣ ነጭ፣ መሀሉ ላይ መስቀል ያለበት ኦስትያ፣ ካቶሊኮች የሚቆርቡበት ስስ ቂጣ።

"ቅዱስ ቁርባን ኪስሽ ውስጥ! ሉቺያ፣ ምን አመጣሽብኝ?"

"የልምምድ ነው እማዬ! መምህር ደሳለው ነው የሰጠን፣ አልተባረከም..."

ጥፊው አስቆማት። እናቷ ኩዌት ከሄደች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ እስከ ዛሬ መትተዋት አያውቁም ነበር። ነገ እሑድ የመጀመሪያ ቁርባኗን ልትቀበል ነው።

"አትቀበይም!" አሏት።

ኦስትያውን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለው፣ ልጅቷን እየነዱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ገቡ።

"እማማ፣ ሂሳብ" አለ ረዳቱ።

"እጄ ተይዟል። አንቺ፣ ከመቀነቴ ፍቺ!"

"ወላሂ እንቁላል የያዙ ነው የሚመስሉት!"

"ዝም ብለህ በርህን ዝጋ!"

ኮምቦልቻ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ውስጥ ልጆች ዝቅ ያለች ጠረጴዛ ከበዋል። የሃይማኖት አስተማሪያቸው፣ ካቴኪስቱ ደሳለው፣ ትንሿን ጽዋ በየተራ ያስይዛቸዋል።

"ደሳለው! ይሄ መጫወቻ ነው?"

"ይረጋጉ እማማ፣ ያልተባረከ ነው። ልጆቹ ቅዳሴውን በእጃቸው እየነኩ እንዲማሩት ብዬ..."

"ካልተባረከ ለምን ያንኑ ይመስላል? እኔ በምን ልወቀው? ልጄን መታኋት እኮ! ባንተ የተነሳ መታኋት!"

"ሉቺያ አልነገረችዎትም?"

 ነግራቸዋለች። ልብስ ማጠቢያው ጋ አንዴ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቴ።

ደሳለው ወደ ልጅቷ ዞረ። "እዚሁ ብሉት ብዬ አልነበር? ለምን ወሰድሽው?"

ሉቺያ ጫማዋን እያየች መለሰች። "እማዬ ቅዳሴ ላይ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምትቆመው። ምንም አይታያትም። ላሳያት ብዬ ኪሴ ከተትኩት፣ ከዚያ ረሳሁት።"

የእማማ አልጣሽ ንዴት አልበረደም፤ የሚያርፍበት ግን ጠፋው። ሃምሳ ዓመት ሲያስቀድሱ ጽዋ ከቅርብ አይተው አያውቁም።

"እኔን ማን አስተማረኝ?" ብለው ጮኹ። "ዝም በይና ተንበርከኪ ነው የተባልኩት! አንተን ደግሞ ገና አልጨረስኩህም!"

መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ከልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች አንዱን ጎትተው ከፊት ተቀመጡ።

"በይ አሳዪኝ። ከየት ነው የሚጀመረው?"

ሉቺያ አልተንቀሳቀሰችም። "ነገስ?" አለች።

"ቀሚሱ ዛሬ ታጥቦ ካልደረቀ በእርጥቡ ትለብሺዋለሽ!"

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሽ የውሃ ማንቆርቆሪያ አነሳች።

"መጀመሪያ እጅ መታጠብ ነው።"

እማማ አልጣሽ የመቱበትን ቀኝ እጃቸውን ዘረጉላት።