ከምስጋናው በፊት

ፍየሏ ኮኡሜ አርጅታለች፤ የኋላ እግሮቿም አልታዘዝ ካሏት ሰንብተዋል። ለመጨረሻው ሙከራ ደም ከእሷ ልብ እንዲቀዳ፣ በማደንዘዣው እንዳሸለበች እንድትቀር የለመነችው ቺዙሩ ናት፤ በጃፓኗ ቶቶሪ ባለው ቤተ ሙከራ ፍየሎቹን አበጥራ ያሳደገች። የኮኡሜ ደም ከሰመረ ልጇ ሆታሩ ትተርፋለች። ካልሰመረ ግን በጋጣው የቀረችው ሆታሩ ብቻ ናት።

«አደራ፣» አሉ ፕሮፌሰር ኢዋኪሪ። «የምንለካው ኑክሊዮታይድ በደሙ ውሃ፣ በፕላዝማው ውስጥ ዕድሜ የለውም። ኢንዛይሞቹ ከጫፉ ጀምረው ይቆራርጡታል። ከዘገየሽ የምንለካው ፍርፋሪውን ነው። ደሙን በቀጥታ ኢንዛይሞቹን ወደሚያስቆመው ፈሳሽ!»

«ሰምቻለሁ፣ መምህር።»

«ወይዘሪት ቺዙሩ ለፍየሏ የስንብት ግጥም ሳታነብ የምትለቃት እንዳይመስልዎ፣» አለ ባልደረባዋ ናጋኖ።

«አንተ ለራስህ አንባቢ ፈልግ!»

ደሙ እየሞቀ ወደ ሲሪንጁ ገባ። የኮኡሜ ትንፋሽ ቆመ። እዚያ ቤት ነፍሱን ለሰጠ እንስሳ እጅ አጋጥሞ ማጎንበስ ማንም የማይዘለው ልማድ ነው፤ በየመከሩም ለመታሰቢያ ድንጋያቸው አበባ ያኖራሉ። የቺዙሩ እጆች እሷን አላማከሯትም። ሲሪንጁን ሳህኑ ላይ አስቀምጣ እጆቿን አጋጠመች።

«ደከምሽልን፣ ኮኡሜ።»

ከዚያ ደሙን ከፈሳሹ ቀላቀለች፣ በረዶ ውስጥ ከተተች። ማሽኑ አሽከርክሮ ሲለየው ፕላዝማው ጥርት ብሎ ወጣ። ሁሉም ደስ አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ግን የመለኪያው መስመር መነሳት በነበረበት ቦታ ተኝቶ ዋለ፤ የተነሳው በፍርፋሪው በኩል ነው።

ፕሮፌሰሩ አልተቆጡም። «ሳትቀላቅዪው እጅሽን አጋጠምሽ?»

«አዎ።»

«እኛም አጋጥመን ነበር። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፍነን። አንዳችን ቢያይሽማ ይጮህብሽ ነበር።»

«አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው ያጎነበስኩት…»

«ለኢንዛይሞቹ በቂ ነው።»

በማግስቱ ቺዙሩ የሆታሩን አንገት ላጨች። ግልገሏ የእጅጌዋን ጨው ትልስ ነበር። ናጋኖ ማደንዘዣውን እዚያው ወጋት።

ደሙ መጣ። ቺዙሩ ፊቷን ወደ ፍየሏ አላዞረችም። ወደ ፈሳሹ ጨመረችው፣ ገለባበጠችው፣ ጣቶቿ ደም አልባ እስኪመስሉ በረዶው ውስጥ ይዛው ቆየች። ሰመረ።

ዘወር ስትል ሆታሩን ነጭ ጨርቅ አልብሰዋታል። ቺዙሩ አጎንብሳ እጆቿን አጋጠመች፤ ከቅዝቃዜው የተነሳ አንዱ እጅ ሌላውን አላወቀውም።