ያልተፈታ አገልግል

"ከፍ አድርጊው" አሉ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል። "እዚያ ላይ አይጥ ይደርስበታል።"

ባንቺዓለም ምስማሩን ነቀለችና ከፍ አድርጋ በድንጋይ መታችው። የግድግዳው ጭቃ ተሸርፎ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ከቢቸና ሞጣ የገቡት በዚህ ሳምንት ነው። የቀበሌው ቤት አንድ ክፍል ነው፤ በሩ አይገጥምም። ድስቱ ገና ከጆንያው አልወጣም፤ አማቷ ግን ከሁሉ በፊት አገልግሉ ይሰቀል አሉ።

በቆዳ የተለበጠው አገልግል የባሏ የፋንታ ስንቅ መያዣ ነበር። ፋንታ ቢቸና ያስተምር ነበር፤ እስኪታሰር ድረስ። እናቱ ምሳውን አሰናድተው ክዳኑን በጠፍር ያስራሉ፤ ባንቺዓለም ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትሰለፋለች፤ ባዶው ሲመለስ አማቷ ይፈቱታል። በ1970 ዓ.ም. ሚያዝያ ዘበኛው አገልግሉን ይዞ ገባና ወዲያው መልሶ አመጣላት።

"ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ። ሌላ ቦታ ሄዷል።"

በዚያ ሰሞን እንዲህ የተባለለት ሰው አልተመለሰም። እናትም ደጅ ወጥታ ማልቀስ አይፈቀድላትም ነበር። ባንቺዓለም ያን ቀን ገባት። አማቷ ግን "ማርቆስ እስር ቤት አዛውረውት ነው" አሉ። አገልግሉንም ማንም እንዳይፈታው ከለከሉ። "መጥቶ ራሱ ይፍታው።"

ባንቺዓለም ግን ለሞጣው ቀበሌ ባሏ ለቀን ሥራ ሁመራ ወርዶ በወባ እንደሞተ ተናግራለች። የፀረ አብዮተኛ ሚስት የቀበሌ ቤት አታገኝም፤ የጤና ጣቢያ የጽዳት ሥራም አታገኝም። ሥራውን ነገ ትጀምራለች። ለአማቷ ይህን አልነገረቻቸውም። ብትነግራቸው "ልጄን በቁሙ ቀበርሽው" እንደሚሏት ታውቃለች። አንድ ነገር ግን ረስታ ነበር፤ ጎረቤት ኀዘን ከሰማ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ለቅሶ ሳይደርስ አይቀርም።

ከቀትር በኋላ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮና ዳቦ ይዘው መጡ። ፊት ፊት የሚሄዱት የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ወይዘሮ ስንዱ ነበሩ።

"እግዜር ያጥናችሁ" አሉና መደቡ ላይ ተቀመጡ። ወደ አሮጊቷም ዞረው፣ "እናትየው እርስዎ ነዎት? ያ ሁመራ የስንቷን ቤት ዘጋ። ወባ ክፉ ነው።"

ወለተ ገብርኤል ምራታቸውን አዩ። ባንቺዓለም አንገቷን ደፋች። "ልጄ እስር ቤት ነው" ቢሉ ቤቱም ሥራውም ዛሬውኑ ያበቃል። ጥያቄው እዚያ ላይ እንደማይቆምም ታውቃለች።

"ወባ?" አሉ አማቷ።

"አዎ፣ እሜቴ" አለች ባንቺዓለም። "በወባ ነው።"

"ብዙ ታመመ?" ጠየቀች በሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት።

ወለተ ገብርኤል ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ።

"እንጃ፣ ልጄ" አሉ። "አጠገቡ አልነበርሁም።"

አገልግሉን ከምስማሩ አወረዱት። በአገራቸው የሟች ዕቃ ሳይወጣ አይለቀስም። "ልብሱ አልመጣልኝም። ያለኝ ይኸው ነው" አሉና ታቅፈውት ማልቀስ ጀመሩ። ረግጠውት ስለማያውቁት ሁመራ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ውኃ የሚያቀምስ ስላጣው ልጃቸው ሙሾ እያወጡ አለቀሱ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ወይዘሮ ስንዱም ደረታቸውን መቱ። ቢቸና ላይ የተከለከለው ለቅሶ ሞጣ ላይ በወባ ስም ተለቀሰ።

ሴቶቹ ሲሄዱ ባንቺዓለም ንፍሮውን ወደ ጥግ ገፋችው።

"እሜቴ፣ ሳልነግርዎ የቀረሁት..."

"ተይው።" አገልግሉን ወደ እሷ አዞሩት። "ይህን ቋጠሮ አየሽው? የኔ ነው። ፋንታ በልቶ ሲመልስ በግራ እጁ ነበር የሚቋጥረው። ያን ቀን የመጣው እኔ እንዳሰርሁት ነው።"

ባንቺዓለም ያን ሁሉ ቀን ስትሸከመው ቋጠሮውን ልብ ብላ አላየችውም ነበር።

"እያወቁ ታዲያ ማርቆስ ነው ያሉት ለምን ነበር?"

"ምን ልበል ታዲያ? አልቅሺ ያለኝ ማን ነበረ?" ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "ነገ ሥራ ትገቢያለሽ። ምሳሽን በምን ልትይዢ ነው?"

"በጨርቅ።"

"በጨርቅ ይፈሳል። ፍቺው።"

ጠፍሩ ደርቆ ስለነበር በጥርሷ ፈታችው። እንጀራው ጠቁሮ እንደ ቅጠል ደርቋል፤ ሽታ እንኳ አልቀረውም። ከጓሮ ደፋችው። የጎረቤት ዶሮ መጣችና አየችው፤ ሳትነካው ሄደች። አገልግሉን በአመድ አሸችው፤ አጥባም ምድጃው አጠገብ ደፍታ አሳደረችው።

ጠዋት ምሳዋን ከተተችበት። አማቷ መደቡ ላይ ሆነው እጇን ያዩ ነበር። በግራ እጇ እንደ ፋንታ ልትቋጥረው ሞከረች፤ ተንሸራተተ። ደግማ ሞከረች። ከዚያ ጠፍሩን ፈታችና በቀኝ እጇ፣ እንደሚመቻት አድርጋ አስራ፣ አንግታው ወጣች።