ከጎን የተቀመጠውን ማስተዋወቅ

ባለቤቴ ከእንጨት በቀር ከማንም ጋር ማውራት አይሆንለትም። ደንበኛ ሲመጣ እንኳ ዋጋ የምናገረው እኔ ነኝ፤ እሱ ጣውላውን እየደባበሰ መሬት መሬቱን ያያል። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ እየጎተትኩ የአነስተኛ ነጋዴዎች የትውውቅ ስብሰባ ላይ የወሰድኩት።

ምን ላድርግ፣ ሥራ ከጠፋ ቆይቷል። ወሩ ሲያልቅ የሥራ ቤታችንን ቁልፍ ለአከራዩ ልናስረክብ ነው፤ ከዚያ በኋላ እሱ በዚህ ዕድሜው በር ፋብሪካ ገብቶ የሰው ተቀጣሪ ሊሆን። በስብሰባው ላይ አንድ የሆቴል ባለቤት እንደሚገኙ፣ የምግብ አዳራሻቸውንም ወንበር በሙሉ በአዲስ ሊያሠሩ እንደሚፈልጉ ሰምቼ ነበር። ያ ሥራ ከተገኘ ተረፍን፤ ካልተገኘ አለቀልን።

ስለ ራሱ የሚናገረውን ቁጭ አድርጌ አስጠናሁት። ሸሚዙን ተኮስኩለት፤ ጥፍሩ ሥር የደረቀውን ኮላ በመርፌ አወጣሁለት። ስንደርስ ለካ ደንቡ ሌላ ነው። ሰብሳቢው ራስን ማወደስ ክልክል መሆኑን ተናገሩ፤ ሁሉም ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው ጠይቆ፣ ሥራውን ተረድቶ፣ እሱን ያስተዋውቃል። ያን ሁሉ ድካሜን ውሃ በላው።

ከጎኑ የተቀመጠችው ያረጀ ሶፋና ወንበር የምታለብስ ሳቂታ ሴት ናት። እኔ ከኋላቸው ነኝ። ስለ ስፖንጁ፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ስፌቱ ጠየቃት። ነገሩ የእጅ ሥራ ከሆነ ባለቤቴ ሌላ ሰው ነው፤ ዓይኑ ሁሉ ይበራል። እሷ በተራዋ ስትጠይቀው ግን «ያው አናጢ ነኝ» ብሎ ወሬውን ወደ ስፌቱ መለሰ። ጀርባውን በጣቴ ብወጋው አልሰማኝም።

ተራው ደረሰና ተነሣ። ያ ምላሱ የተሳሰረ ሰው አፉን ሞልቶ ተናገረ።

«ለእቺ እህቴ አሮጌ ወንበር ስጧት፣ አዲስ አድርጋ ትመልስላችኋለች። እንጨቱ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ወንበር አይጣልም። እሷ እያለች አዲስ ማሠራት ገንዘብ ሜዳ ላይ መበተን ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። እሱም የተጨበጨበው ለራሱ ይመስል ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። እኔ የማየው የሆቴሉን ባለቤት ነበር። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ስልካቸውን አወጡና አንድ ነገር ጻፉ።

ቀጥላ ሴትየዋ ስለ እሱ ተናገረች። ልበ ቀና ነው አለች፣ ትሑት ነው አለች፣ ሰው አክባሪ ነው አለች፤ ሞያውን ግን ረሳችው። ሰሚው ልጁን የሚድርለት ሰው እንጂ ወንበር የሚያሠራው አናጢ አላስመሰለችውም። ስብሰባው ሲበተን ሮጬ የሆቴሉ ባለቤት ዘንድ ሄድኩና ባሌ አናጢ መሆኑን ነገርኳቸው። በትሕትና ሰሙኝ። አዲስ ወንበር ማሠራቱን እንደተዉት፣ ያሉትን ማልበሱ እንደሚሻል ያሳመናቸውም የራሴው ባል መሆኑን ነገሩኝ።

ቆሽቴ አርሮ መንገዱን ሙሉ ከፊቱ ቀድሜ ሄድኩ። ቤት ስንገባ «ዋሸሁ እንዴ?» አለኝ። አልዋሸም። ቢዋሽማ እሰድበው ነበር፤ ወጣልኝ ብዬም እተኛ ነበር። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ሴትየዋ ሥራ ቤታችን ድረስ መጣች። ዕቃ እየሰበሰብን ነበር። ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታያል፤ የሆቴሉን ሥራ በሙሉ አግኝታለች። ከወንበሮቹ መካከል እግራቸው የሚነቃነቅ ጥቂት ስላሉ ኮላ እንዲያደርግላት ለመነችው። እሺ አላት። እምቢ ማለት መቼ ያውቅበታል። ውለታውንም እንደማትረሳ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ከጎኑ ተቀምጣ እንደምትክሰው ነገረችው።

«ወንድምዬ፣ ያን ቀን ሞያህን ረስቼ እንዴት እንዳፈርኩ። አሁን በደንብ ንገረኝና ላጥናው፤ ምን ብዬ ልናገር?»

ባለቤቴ የያዘውን መጋዝ በጨርቅ ጠቅልሎ ካርቶኑ ውስጥ አስገባ።

«ወንበር ይሠራ ነበር በዪ» አላት።