የዘውዱ ልጅ

«ልጅ አልነበረውም እንዴ?» አለች ለቅሶ ለመድረስ የመጣችው ሴት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የወለደው የለም» አለች ቀጸላ ከፍራሹ ላይ። «ያስጠጋት ልጅ ነበረች እንጂ። ያቻት፣ ውሃ የምታድለው።»

ሩቲ የውሃ ጠርሙሶቹን እንደያዘች ሰማቻት። እንድትሰማው ነው የተነገረው። ዘውዱ ከተቀበረ ወዲህ ቀጸላ የወንድሟ ፎቶግራፍ ሥር በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ «እግዜር ያጽናሽ» የሚለውን ሁሉ ትቀበላለች። ሩቲ ደግሞ ወንበር ታቀርባለች፣ ሰሃን ታጥባለች። ከቀብር እንደተመለሱ «አንቺ ወጣት ነሽ፣ እንግዳ አስተናግጂ» ብላ ያስነሳቻት ቀጸላ ናት። በሰው ፊት ከእህቱ ጋር ቦታ መሻማት አሳፍሯት ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ዕንባዋ ደርቋል፤ በዕንባው ፈንታ ቂሟ ሲብላላ ነው የሰነበተው።

ዘውዱና ሚስቱ ልዕልት ከአዲስ አበባ ማሳደጊያ አሜሪካ ወዳለችው አውሮራ ከተማ ሲያመጧት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ልዕልት የፈለገችው የምትታቀፈው ሕፃን ነበር፤ የመጣችላት ግን የማትስቅ፣ ዳቦ ትራሷ ውስጥ የምትደብቅ ልጅ። ዓመት ሳይሞላ ባሏን ፈትታ ወደ ሌላ ስቴት ሄደች። «የወንድሜን ትዳር ያፈረሰችው ይቺ ልጅ ናት» አለች ቀጸላ፤ ይህንኑ ስትል ኖረች።

ዘውዱ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። የሻገተውን ዳቦ ሲያገኝ አልተቆጣም። ቅርጫት ገዝቶ አልጋዋ አጠገብ አስቀመጠና «እዚህ አድርጊው። ሲደርቅ እኔ እቀይርልሻለሁ» አላት። በስሙ ስትጠራው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ቅር ሲላቸው፣ «ስሜ አይደል? ትጥራኝ» ይላቸው ነበር። ከትምህርት ቤት ሊወስዳት ሲመጣ ሁልጊዜ ቀድሞ ደርሶ ከክፍሏ መስኮት በሚታየው ቦታ ፓርክ ያደርግ ነበር፤ የቀረ እንዳይመስላት።

ከቀትር በኋላ ቀጸላ ቦርሳዋን ስታገላብጥ ቆየችና «የደም ግፊት መድኃኒቴን ቤት ረስቼዋለሁ። ማን ያድርሰኝ?» አለች።

«እኔ ላድርስዎት፣ እትዬ ቀጸላ» አለች ሩቲ።

የቀጸላ ቤት ሃቫና ስትሪት አካባቢ ነው። ሩቲ ግን መኪናዋን ወደ ሰሜን አዙራ ወደ ኤርፖርት የሚወስደውን የፔኛን መንገድ ያዘች። ቤቶቹ አልቀው ገላጣው ሜዳ ሲመጣ ቀጸላ ቀና አለች።

«ወዴት ነው?»

ሩቲ ፍጥነቷን ጨመረች።

ሩቲ ወደ ዘውዱ ቤት በመጣች በዓመቱ ቀጸላ «ልብስ ልግዛልሽ» ብላ በዚሁ መንገድ ወስዳት ነበር። ኤርፖርቱ በር ላይ አወረደቻት፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እግሯ ሥር ጣለችላት። «ያልወለደሽ ሰው ቤት አይሆንሽም። ወደ መጣሽበት ተመለሺ» ብላ መኪናዋን አስነስታ ሄደች። ዞራ እስክትመጣ ድረስ ልጅቷ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ልብሷ ላይ ሸናች። «አደብ እንድትገዢ ነው» አለቻት ቀጸላ ስትመልሳት። «ለዘውዱ ብትነግሪው የእውነት ነው የምሰድሽ።»

አልነገረችውም። ጫማዋን አስራ መተኛት ግን ጀመረች። ዘውዱ ይህን ሲያይ እሱም ጫማውን አድርጎ ይተኛ ጀመር። ምክንያቱን ስትጠይቀው፣ «ከሄድሽ ብቻሽን አትሄጂም ብዬ ነው» አላት።

ሩቲ መኪናዋን በዚያው ኤርፖርት፣ ተጓዦች የሚወርዱበት በር ላይ አቆመች። ዞራ የቀጸላን በር ከፈተችና ቦርሳዋን አንስታ የእግረኛው መንገድ ላይ አስቀመጠችው።

«ይውረዱ።»

«ሩቲ፣ ለቅሶ ላይ ነን እኮ።»

«ያኔም ልብስ ልንገዛ ነበር የወጣነው።»

ቀጸላ ወረደች። ነፋሱ ነጠላዋን ሲገፋው ሻንጣ የሚጎትቱ ሰዎች በግራና በቀኝ አለፏት። ሩቲ ይህችን ሰዓት በልቧ ስትመኛት ኖራለች፤ አሁንም ጣፈጠቻት። የመኪናዋን በር ልትዘጋ ስትል ቀጸላ ተናገረች።

«ዘውዱ ያውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«እዚህ ያደረግሁሽን። የዚያኑ ዕለት ራሴ ነገርኩት። የሚያመሰግነኝ መስሎኝ።» አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ከዚያ ወዲህ ቤቱ አላስገባኝም። ያሳደግሁት እኔ፣ አሜሪካ ያመጣሁት እኔ። ታሞ እንኳ ስልኬን አላነሳም። ‹መጀመሪያ ልጄን ይቅርታ ጠይቂ› ነበር ያለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«አንቺን?» አለች ቀጸላ፣ ከላይ እስከ ታች እያየቻት።

ሩቲ በሩን እንደያዘች ቀረች። ቀጸላ ቤታቸው የማትመጣው ስለምትጠላት ይመስላት ነበር። ዘውዱም ስለ እህቱ ሲጠየቅ «ሥራ በዝቶባት ነው» ይል ነበር። እሱ ቀድሞ ተበቅሎላት ኖሯል፤ የተበቀለላትም ያለችውን አንድ እህቱን ቆርጦ ጥሎ ነው። ያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላማረረባትም።

አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መኪናውን እንድታነሳ በእጁ ምልክት ሰጣት።

«ይግቡ» አለች ቀጸላን። «እመልስዎታለሁ። ፍራሹ ላይ የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ። ልጅ አልነበረውም ወይ ብሎ ለሚጠይቅም መልሱን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት።»

«እምቢ ብልስ?»

«ለለቅሶኛው ሁሉ የዛሬውንም የያኔውንም እነግረዋለሁ።»

መድኃኒቱን ይዘው ተመለሱ። ቀጸላ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጠች። አንድ ባልና ሚስት «እግዜር ያጽናሽ» ሊሏት ሲጎነበሱ በአገጯ ወደ ፍራሹ አመለከተቻቸው።

«ልጁ እሷ ናት» አለች፣ በደረቅ ድምፅ።

ሩቲ ሰማች። ይቅር አላለቻትም፤ ልትላትም አላሰበችም።

ጥቂት ቆይቶ ወንድሙ የተባለው ጎረቤታቸው ፍራሹ አጠገብ መጥቶ ቁጢጥ አለ። «ሩቲዬ፣ ወንበር የጫነ መኪና መጥቶ የዘውዱ መኪና መግቢያውን ዘጋብን። ቁልፉን ስጪኝና ላንሳው።»

«ተወው፣ እኔ አነሳዋለሁ» አለች።

የሹፌሩ ወንበር ለረጅም እግሮቹ እንዲመች ወደ ኋላ እንደተገፋ ነበር። መስታወቱ ከእሷ ዐይን በላይ ላለ ሰው ተስተካክሎ ስለነበር የመኪናው ጣሪያ ብቻ ታያት። እጇን ከወንበሩ ሥር ወዳለው ማንሻ ሰደደች፤ ሳትነካው መለሰችው። ጫፉ ላይ ተቀምጣ፣ ፍሬኑን በእግሯ ጣት እየረገጠች፣ መኪናውን ቀስ አድርጋ ወደ መንገዱ ዳር አወጣችው። ጀርባዋ መደገፊያውን አልነካም።