በሁለት ውሃ መሃል

ልብስ ሰፊዋ ተራራውን በሩጫ ዞራ ወደተነሳችበት ለመመለስ ስትወጣ ምግቧንም የዝናብ ልብሷንም አዝላ ነበር። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት፦ ማንም አይከተላትም፣ ከማንም ምንም አትቀበልም። ታላቅ ወንድሟ “ልፊ ቢላት በሕልሟ ዳውላ ትሸከማለች” ብሎ ሳቀባት። አልተቀየመችም። ከእሱና ከሚስቱ ጋር በምትኖርበት ጠባብ ቤት የስፌት መኪናዋ የተቀመጠው መተላለፊያው ላይ ነው፤ ወጪ ወራጁ ሁሉ “እስቲ ይቺን ቁልፍ ትከይልኝ” ይላታል። ስትሮጥ ግን የሚጠራት የለም።

ከግማሽ በላይ እንደዞረች ሰማዩ የተቀደደ እስኪመስል ዘነበ። ፊት ለፊቷ ያለው ወንዝ ደፍርሶ ግንድ ያንከባልላል። ወደ ኋላ ሮጠች። ጠዋት ድንጋይ ድንጋዩን ረግጣ የተሻገረችው ጅረት ድንጋዮቹን ውጦ ያጓራል። ከላይ ገደል፣ ከታች የሁለቱ ውሃዎች መገናኛ። ስልኳ ኔትወርክ የለውም። ከወንዙ ወደ ጅረቱ፣ ከጅረቱ ወደ ወንዙ ተመላለሰች፤ መሬቱ በተመላለሰች ቁጥር የሚጠብ መሰላት።

ከወንዙ ማዶ አንድ የደን ጠባቂ ገመድ በትከሻው አንግቶ ብቅ አለ።

“እህቴ! ገመድ ልወርውርልሽ?”

“ይቅርብኝ! ብቻዬን ነው የምጨርሰው!”

“ውሃው ይህን ሰምቷል?”

ሳቋ መጣ፤ ከንፈሯ ግን በብርድ አልታዘዝ አላት። “ይጎድላል፣ እጠብቃለሁ!”

“እንግዲያው አብረን እንጠብቃ!” ብሎ ከዛፍ ሥር ቁጢጥ አለ።

ውሃው አልጎደለም። የቆመችበትን አሸዋ እየሸረሸረ ወደ ገደሉ ገፋት። ከቦርሳዋ የሚቀመስ ልታወጣ ብትል ጣቶቿ ደንዝዘው ዚፑ አልከፈት አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ዚፕ ስትተክል የኖረች ሴት! ያኔ ፈራች። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

“ወንድሜ!” አለች በመጨረሻ። “ወርውረው!”

ገመዱን እንደምንም ወገቧ ላይ አስራ ገባች። ውሃው እግሯን ጠልፎ ጉልበቷን ከድንጋይ ጋር አላተመው። ጠባቂው ገመዱን ግንድ ላይ ጠምጥሞ ሳብ፣ ረገብ እያደረገ አወጣትና ካፖርቱን ደረበላት።

“ዙሩ ተበላሸብሽ አይደል?”

“ተበላሸ።”

“ነፍስሽስ?”

“አለች።”

ጠባቂው ቤቷ ሊያደርሳት መኪናው ውስጥ አስገብቷት በሩ ሲዘጋ የታፈነች መሰላት። መስኮቱን አወረደች።

“ኧረ ብርዱ ይገልሻል!”

“ይሁን፤ ትንሽ ልተንፍስበት።”

ቤት ስትደርስ ወንድሟ በር ላይ ቆሟል።

“ጨረስሽው?”

“አልጨረስኩትም። ሰው አወጣኝ።”

የሚያሾፍባት መስሏት ነበር። ጎንበስ ብሎ በጭቃ የተጣበቀውን የጫማዋን ማሰሪያ ይፈታ ጀመር።

“ሌላ ጊዜ በየት በኩል እንደምትሄጂ ንገሪኝ።”

“ከነገርኩህማ ትከተለኛለህ።”

“እከተልሻለሁ።”

ደስ ይበላት ይክፋት አላወቀችም። ሌላኛውን እግሯን ዘረጋችለት።