ድንኳን የማይተከልበት ዳርቻ

ካርታ አንሺው ሌስሊ የወንዙን ሰሜን ዳርቻ ዞሮ ዞሮ አየና፣ «እዚህ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ የድንኳን ጠርዝ የተጫነበት ድንጋይ እንኳ የለም» አለኝ። ካርታው ላይ «ሰው አልባ» ብሎ ሊጽፍበት ነው። እንዲህ ከተጻፈ ደግሞ ማዕድን ፈላጊዎቹ በሚመጣው በጋ የነዳጅ በርሜላቸውን እዚሁ ይደረድራሉ።

ደሜ ፈላ። መንገድ መሪውም አስተርጓሚውም እኔ ነኝ፤ ዝም ብዬ ላስጽፈው ነው እንዴ?

«ባዶ የሆነው እኛ ኢኑይቶች፣ የዚህ የበረዶ አገር ሰዎች፣ ስለምንኖርበት ነው» አልኩት። አጋዘኖቹ በመከር ወደ ደቡብ ሲወርዱ ውሃው ውስጥ የሚገቡት በዚህ በኩል ነው። ሰው ከሸተታቸው ይመለሳሉ፤ ከተመለሱ ክረምቱን ጦማችንን ነን። ስለዚህ እዚህ ድንኳን አይተከልም፣ ሥጋ አይበለትም፣ አጥንት አይጣልም። ልጅ ሳለሁ አንዲት ድንጋይ ከቦታዋ ባነሳ እናቴ ጆሮዬን ቆንጥጣኛለች።

ሌስሊ ክፉ ሰው አይደለም። አንገቱን አከከ። «አለቆቼ የሚያምኑት ፎቶ ነው። ነገ አውሮፕላኑ እያነሳ ያልፋል። አንድ ድንኳን ትከሉና ይታይ፤ የሰው መኖሪያ ብዬ እጽፋለሁ።»

እየቀዘፈ ያመጣን አጎቴ ናግዩክ ወዲያው የድንኳኑን ሸራ ከጀልባው ማውጣት ጀመረ።

«ይተዉት፣ አጎቴ።»

«አንቺ ልጅ፣ ለአንድ ቀን እኮ ነው።»

«ሽታውስ? ከአውሮፕላኑ ጋር ይሄዳል?»

«እናትሽም እንዲህ ደረቅ ነበረች።»

«ታዲያ ከማን ልውሰደው?»

ሳቁን ዋጠ፤ ሸራውን ግን አልለቀቀም። «ካልተከልን መሬቱን ይወስዱታል፣ ልጄ።»

«ከተከልን አጋዘኑ ይቀራል። ያኔ ምን ልንበላ ነው፣ ሸራውን?»

ነጥቄው ጀልባው ውስጥ ወረወርኩት። የሌስሊን ሻንጣ ጨመርኩበት፤ ባለ ሦስት እግሩን የመሬት መለኪያም አስከተልኩ። ከዚያ መቅዘፊያዎቹን ታቀፍኩና ቆምኩ።

«ከዚህ በላይ ያሉትን ሐይቆች የሚያሳይህ ሌላ ሰው አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ጻፍ። የአጋዘን መግቢያ፤ ሰው የማይሰፍርበት ባለቤቶቹ ስለከለከሉ ነው በል። እስክትጽፍ ከዚህ ንቅንቅ የለም።»

«አለቆቼ ቢሰርዙትስ?»

«መጥተው እፊቴ ይሰርዙት።»

ሌስሊ ካርታውን አሸዋው ላይ ዘረጋ። ከዚያ ተንበርክኮ ጻፈ፤ ያልኩትን አንድም ሳያጎድል።

ወደ ጀልባው ስንመለስ አጎቴ የለም። ዞር ብል ያንኑ ሸራ ከጀልባው አውጥቶ፣ ጠቅልሎ የኋሊት እየሄደ፣ አሸዋው ላይ የተውነውን ዱካ ይጠርጋል። ሌስሊ አጠገብ ሲደርስ ቀና አለና የሸራውን ጫፍ ሰጠው።

«ያንተን አንተ ጥረግ» አለው።